የአሮጌ አሜሪካ መኪና ሞተር ዋጋው በምን ይታወቃል? ለሐደራ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ



በሐደራ ከቤተሰቦች ጋር በምንሠራው የማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ አንድ የሚደጋገም ጥያቄ አለ። ልጁ ከሠራዊት ይሰናበታል፤ የመሰናበቻ ገንዘቡ ባንክ ይገባለታል። በዚህ መካከል አንድ ጓደኛው ያረጀ የአሜሪካ መኪና ሞተር የሚሸጥ ሰው ያውቃል። «ቪ-8 ነው፣ ብርቅ ነው፣ ዛሬ ካልገዛኸው ነገ እጥፍ ይሆናል» ይባላል። አባትና እናት ደግሞ አርብ ጠዋት በሐደራ ገበያ ለሰንበት ሲሸምቱ ያገኙንና «ለመሆኑ አሮጌ ብረት በዚህ ሁሉ ሺህ ሸቀል ይገዛል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል።

መልሳችን አጭር ነው። አንዳንዱ ይገዛል፣ ብዙው ግን የተጠየቀበትን ዋጋ አያወጣም። ልዩነቱ የሚታወቀው በሻጩ ወሬ ወይም በሞተሩ ጩኸት ሳይሆን በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ቁጥር፣ ልኬትና ወረቀት ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ወረቀቱ ከጎደለ ግን ጨርሶ አለመግዛት ይሻላል። ከዚህ በታች እያንዳንዱን በየተራው እናስረዳለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እነዚህ ሞተሮች ምንድን ናቸው?

ቪ-8 ማለት ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ የቪ ፊደል ቅርጽ ሠርተው የተቀመጡበት ሞተር ነው። በአሜሪካ በ1960ዎቹ መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ላይ ትልቅ ሞተር እየጫኑ ለወጣቶች መሸጥ ተጀመረ። ብዙዎች መነሻው በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው ይላሉ፤ ሞተሩ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ሼቭሮሌት፣ ፎርድ፣ ዶጅና ፕሊመዝ እየተፎካከሩ ትላልቅ ሞተሮችን አወጡ።

ዘመኑ ግን ረጅም አልነበረም። የጭስ ብክለት ሕግና የኢንሹራንስ ዋጋ ከበዱበት። ጄኔራል ሞተርስ በ1971 ሞተሮቹ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ ብሎ የመጭመቅ ኃይላቸውን ቀነሰ። በጥቅምት 1973 በአገራችን በእስራኤል ላይ የዮም ኪፑር ጦርነት ሲከፈት የዐረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ጣሉና በአሜሪካ ቤንዚን በሰልፍ የሚገኝ ሆነ። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ገዢ አጣ። ስለዚህ ዛሬ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ከ1964 እስከ 1972 አካባቢ የተሠሩትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። ሻጭ የፈረስ ጉልበት ቁጥር ሲጠራ በየትኛው አለካክ እንደሆነ ጠይቁት። እስከ 1971 ድረስ ኩባንያዎቹ ያስነግሩት የነበረው ሞተሩ ብቻውን ማቆሚያ ላይ ሆኖ፣ ማርሚታና ሌላ ጉልበት የሚበላ ዕቃ ሳይገጠምለት የተለካውን ነበር። ከ1972 ጀምሮ ግን ዕቃው ሁሉ ተገጥሞለት የተለካውን መጻፍ ጀመሩ። ለምሳሌ የሼቭሮሌት ኮርቬት መነሻ ሞተር በ1971 270 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ሲነገርለት በ1972 200 ተባለ። የልዩነቱ ዋና ምክንያት አለካኩ እንጂ የሞተሩ መድከም አይደለም። ስለዚህ በፈረስ ጉልበት ቁጥር ብቻ ዋጋ አይወሰንም።

አንደኛ፦ ቁጥር

ሞተሩ ላይ ሦስት ዓይነት ምልክት ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ በገበያ ላይ የሚገኘው የሼቭሮሌት ትንሹ ቪ-8 ስለሆነ ምሳሌያችንን ከእርሱ እንወስዳለን።

1ኛ. ብረቱ ሲቀለጥ አብሮ የወጣ፣ ከፍ ብሎ የሚታይ ቁጥር። ይህ በሞተሩ ኋላ፣ ካምቢዮ በሚገጠምበት ጠርዝ ላይ በስተግራ ይገኛል። የሚነግረን ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ብርቅ መሆኑን ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ለምሳሌ 3970010 የሚለው ቁጥር በጣም የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት በብዙ ዓይነት መኪና ላይ ስለተገጠመ «ቁጥሩን እየው!» የሚል ሻጭ ምንም አዲስ ነገር አልነገረንም።

2ኛ. ብረቱ የቀለጠበት ቀን። ወሩ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ጃንዋሪ፣ ሦስተኛው «ሲ» ማርች ነው። ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያም ዓመቱ ይመጣል። ዓመቱ በአንድ አኃዝ ብቻ በሚጻፍበት ሞተር ላይ 9 የሚለው 1969 ወይም 1979 ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሁልጊዜ 1969 እንደሚላችሁ አትጠራጠሩ።

3ኛ. ፋብሪካው በመዶሻ የመታው ቁጥር። ይህ በሞተሩ ፊት በስተቀኝ፣ ከቴስታታው ሥር ባለች ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። የተገጣጠመበትን ፋብሪካ፣ ወርና ቀን፣ ለየትኛው መኪና እንደታሰበ የሚያሳይ ምልክት ይዟል። ከ1968 ወዲህ ደግሞ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ከፊሉ በሞተሩ ላይም ይመታል። ቦታው ተፍቆ ለስልሶ ከሆነ፣ ወይም ፊደሎቹ የተጣመሙና ጥልቀታቸው የተለያየ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴስታታው የሚቀመጥበት ገጽ በማሽን ሲስተካከል ቁጥሩ በቅንነት ሊጠፋ ይችላል፤ ሆን ተብሎ ተፍቆ ሌላ ቁጥር ሊመታበትም ይችላል።

ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት መኪናና ሞተሩ አብረው ከፋብሪካ የወጡ መሆናቸው በቁጥር ሲመሳከር ነው። ይህ ክብር የሁለቱ ጥምረት ነው፤ ሞተሩ ከመኪናው ከተለየ በኋላ አብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ ብቻውን መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር «ቁጥሩ ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ሲሸጥ፣ የዚያው መኪና ባለቤት ካልሆናችሁ ያ ቃል ለእናንተ ብዙ ሸቀል አይጨምርም።

ስለ ብርቅነትም እንናገር። የክራይስለር 426 ሄሚ (7 ሊትር) ለመንገድ መኪና የተሸጠው ከ1966 እስከ 1971 ብቻ ስለሆነ በእውነት ብርቅ ነው። የሼቭሮሌት ትንሹ ቪ-8 ግን በ1955 ተጀምሮ በ2011 ኩባንያው 100 ሚሊዮነኛውን ሠርቷል። በ1967 የወጣው 350 (5.7 ሊትር) የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጥሩ ሞተር ነው፣ መለዋወጫውም አዲስ ይገኛል፤ ነገር ግን ተራው 350 ብርቅ አይደለም። ዋጋው በስሙ ሳይሆን በደኅንነቱ ነው።

ሁለተኛ፦ ልኬት

በገበያ ሸክላ ስንገዛ ጣት አጥፈን እናንኳኳለን፤ ድምፁ ከታፈነ ተሰንጥቋል ማለት ነው። በጎንደርና በዙሪያው ብዙዎቹ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች፣ አባቶቻችንም ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ስለነበሩ ይህን ማንም አያስተምረንም። የተበተነ ሞተር ብረትም በትንሽ መዶሻ ሲመታ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው። ትክክለኛው ምርመራ በማሽን ሥራ ቤት በማግኔትና በብረት ዱቄት የሚደረገው ነው። ዱቄቱ ስንጥቁ ላይ ይሰበሰብና በዓይን የማይታየውን ያሳያል።

ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ የሚከተለውን አድርጉ።

ከመነሣቱ በፊት ንኩት። ትኩስ ከሆነ ሻጩ እናንተ ሳትመጡ አሙቆታል፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነው። የዘይቱን መለኪያ አውጡ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል ወይም ብረቱ ተሰንጥቋል። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የውኃ፣ ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው። ከሦስቱ ቀላሉ ጥቁሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ በካርቡራተር ማስተካከል ይድናል።

ቀጥሎ የመጭመቅ ኃይሉ ይለካ። ሞተሩ ይሙቅ፣ ስምንቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ ካርቡራተሩ ሙሉ ይከፈት፣ ባትሪው ብርቱ ይሁን። ከዚያ መለኪያው በየሲሊንደሩ እየተገጠመ በሞተሪኖ ይዞራል። ውጤቱ ጎማ ስንነፋ በምናውቀው ፒ.ኤስ.አይ. ይነበባል። በእንደነዚህ ሞተሮች ላይ ከ120 እስከ 180 መካከል የተለመደ ነው። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የስምንቱ መቀራረብ ይበልጣል። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መሆን የለበትም። ከፍተኛው 150 ከሆነ ዝቅተኛው ከ112 ባይወርድ ይመረጣል።

አንዱ ዝቅ ካለ በዚያ ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ጉዳቱ ፋሻው ላይ ነው፤ ካልወጣ ቫልቮላ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። የጓርኒሲዮን ጥገና ቀላል ሲሆን የፋሻ ጥገና ግን ሞተሩን ሙሉ ያስፈታል። ስለዚህ አንዲት ማንኪያ ዘይት የብዙ ሺህ ሸቀል ልዩነት ትነግራችኋለች።

የማይነሣ ሞተር ከሆነ በእጅ መዞሩን እዩ። ካልዞረ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል። ሐደራ ባሕር ዳር ናት። አፉ ሳይሸፈን እርጥበት ባለበት የቆየ ሞተር ውስጡ ይዝጋል። የማይዞር ሞተር ሊሸጥ የሚገባው ለመፍታት በሚገዛ ብረት ዋጋ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የሲሊንደሩ ስፋት ይለካ። የ350 ሞተር ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 4 ኢንች፣ ማለትም 101.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተር ሲታደስ ትንሽ ይሰፋና ወፍራም ፒስተን ይገባበታል፤ የተለመደው 0.030 ኢንች (0.76 ሚሊ ሜትር) ነው። 0.060 ኢንች (1.5 ሚሊ ሜትር) ለብዙዎቹ ሞተሮች መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ግድግዳው ይሳሳል። እዚያ የደረሰ ሞተር ዛሬ ቢሠራም ነገ አይታደስም። ሻጩ «ታድሷል» ሲል «ስንት ሰፋ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማሽን ሥራ ቤቱን ደረሰኝም አሳየን በሉ።

ሦስተኛ፦ ወረቀት

በእስራኤል አገር እያወቁ የተሰረቀ የመኪና አካል መቀበል ወንጀል ነው። «አላወቅኩም» ማለትም ዓይኑን ሆን ብሎ ለጨፈነ ሰው አያድንም። ቁጥሩ የተፋቀ፣ በርካሽ የሚሸጥ፣ ሻጩ ስሙን መጻፍ የማይፈልግ ሞተር ካጋጠማችሁ ትታችሁ ሂዱ። ገና ሥራ የሚፈልግ ወጣት በፖሊስ ፋይል ሲከፈትበት ጉዳቱ ከሞተሩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ስትገዙ የሚከተሉት በጽሑፍ ይሁኑ፦ የሻጩ ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፤ በሞተሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ፤ ሞተሩ የወጣበት መኪና የሰሌዳ ቁጥርና የሊብሬው ቅጂ፤ የተከፈለው ገንዘብ፤ ሻጩ ስለ ሞተሩ የተናገረው ነገር። «350 ነው፣ 0.030 ሰፍቷል፣ ስንጥቅ የለውም» ብሎ ከፈረመና ሐሰት ከሆነ በ1973 የወጣው የውል ሕግ በማታለል የተደረገን ውል ለማፍረስ መንገድ ይሰጣል። በ1968 የወጣው የሽያጭ ሕግ ደግሞ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሞተሩን ገዝቶ ዓመት ሙሉ መጋዘን ማስቀመጥ መብትን ያዳክማል። መጠኑ ለትናንሽ የገንዘብ ክሶች ፍርድ ቤት የሚመጥን ከሆነ ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ወረቀት ይጠይቃል።

ሞተር መለወጥ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር የመኪና ፈቃድ ክፍል መቅረብ አለበት። ከመኪናው ሞተር የተለየ፣ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር መግጠም ደግሞ የመኪናውን አሠራር መለወጥ ስለሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ሳይፈቀድ ተገጥሞ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ከተሠራ 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ይህም የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «ይህን ሞተር የምገጥመው የት ነው? ይፈቀድልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚገጠምበት መኪና የሌለው ሞተር የሚያምር ብረት ብቻ ነው።

ዋጋውን እንዴት እናስላ?

ሒሳቡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ ተመሳሳይ ሞተር ታድሶና ተመርምሮ ስንት እንደሚሸጥ ቢያንስ ከሦስት ቦታ ጠይቁ። ከዚያ ማደሻውን፣ ማጓጓዣውን፣ የጎደሉትን ዕቃዎች (ካርቡራተር፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ) ቀንሱ። በመጨረሻ ለማይታየው ጉድለት መጠባበቂያ ቀንሱ።

ለማስረዳት ብቻ፦ የታደሰው 20,000 ሸቀል ይሸጣል እንበል። ማደሻው 12,000፣ ማጓጓዣና የጎደለው ዕቃ 2,000፣ መጠባበቂያው 2,000 ቢሆን የሚቀረው 4,000 ነው። ሻጩ 10,000 ከጠየቀ የጠየቀው ከዋጋው 6,000 በላይ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብታሳዩት ክርክሩ ያጥራል። ሳይለካ የሚሸጥ ሞተር ደግሞ ከነጉድለቱ እንደሚሸጥ ይቆጠር፤ «አታስለካ» የሚል ሻጭ ውጤቱን ያውቀዋል ማለት ነው።

የጋራዥ ቃላት ለአባትና ለልጅ

በኢትዮጵያ የጋራዥ ቋንቋ ብዙው ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ልጆቻችን የሚያውቁት ደግሞ በዕብራይስጥ ነው። በዚህ ምክንያት መኪና የሚያውቅ አባትና መኪና የሚወድ ልጅ ሳይግባቡ ይቀራሉ። ዋና ዋናዎቹ እነሆ፦

ካንዴላ፦ ፕላግ
ቴስታታ፦ ሮሽ ማኖዓ
የቴስታታ ጓርኒሲዮን፦ አተም ሮሽ
ፋሻ፦ ሪንጊም
ቫልቮላ፦ ሻስቶም
ማርሚታ፦ ኤግዞዝ
ሊብሬ፦ ሪሽዮን ሬኸብ
ጋራዥ፦ ሙሳኽ
ሞተር ማደስ፦ ሺፑጽ ማኖዓ

ከምናውቃቸው ቤተሰቦች በአንዱ፣ በጎንደር መንገድ ለብዙ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ አባት ልጃቸውን ተከትለው ሞተር ሊያዩ ሄዱ። ሻጩ ለልጁ ብቻ በዕብራይስጥ ይናገር ነበር። አባት ዝም ብለው ቆዩና «ካንዴላዎቹን ያውጣልን» አሉ። ልጁ ተረጎመ። ከስምንቱ ሁለቱ በዘይት የራሱ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ ዘይት ይጠጣል፤ ፋሻው አልቋል» አሉ። ልጁም «አባዬ፣ ይህን የት ተማርክ?» አለ። ሞተሩ አልተገዛም፤ አባትና ልጅ ግን አሁን አብረው ጋራዥ ይሄዳሉ።

ስለ ገንዘቡ ለወጣቶች

ከሠራዊት ሲወጡ የሚሰጠው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። «ማዓናክ» የሚባለው ባንክ ገብቶ ለፈለጉት የሚውል ነው። «ፒካዶን» የሚባለው ግን በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የሚወጣው ለታወቁ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለጋብቻ፣ ለቤት ወይም ንግድ ለመክፈት ነው። ለመዝናኛ ሞተር አይወጣም። ስለዚህ ሞተር የሚገዛው ማዓናክ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት መተዳደሪያ መሆኑን አትርሱ። ለሞተር ብሎ በባንክ ሚኑስ መግባት፣ ይልቁንም ከ«ሹቅ አፎር» በወለድ መበደር፣ ፈጽሞ አንመክርም። ሞተር ዋጋው ቢወድቅ ብረት ይቀራል፤ ዕዳው ግን ቤተሰቡን ሁሉ ይይዛል።

ወላጆችም «ይህ የብረት ፍቅር ከንቱ ነው» ብላችሁ አትዝጉት። ሞተር ፈትቶ መግጠም የቻለ ልጅ በእጁ ሙያ ይዟል፤ ፒካዶኑም ለመኪና ጥገና ኮርስ ሊውል ይችላል። በ2016 የወጣው የመኪና ሙያዎች ፈቃድ ሕግ ዘርፉን በፈቃድ የሚሠራ አድርጎታል። ስለዚህ ወረቀት ያለው ባለሙያ የበለጠ ተፈላጊ ነው። አንዳንድ ጊዜ ለአንድ ሞተር ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ኮርሱንና የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ይገዛል።

ለማጠቃለል፣ ቁጥሩን አንብቡ፣ ሲሊንደሩን ለኩ፣ ወረቀቱን ያዙ። ሻጩ ሲያስቸኩላችሁ ሰንበትን አሳልፋችሁ እሑድ ተመለሱ። ሃምሳ ዓመት የቆየ ብረት ሁለት ቀን ቢጨምር አይሞትም። ከመፈረማችሁ በፊት የውሉን ዕብራይስጥ የሚያነብላችሁ ካስፈለገ በአካባቢያችሁ ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ጠይቁ፤ ይህ የእኛም ሥራ ነው።

ሰንበት ሰላም።